የፒኞኑን ጥርስ በሙጫና በክሪክ ማለስለስ፦ የኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ዕቃው

በእጃችን ያለው የዘይት መጭመቂያ ፒኞን፣ ማለትም ትልቁን ጊር የሚያዞረው ትንሹ ጊር ነው። ባለቤቱ ደሴ ላይ ኑግ የሚጨምቅ ደንበኛችን ነው። የድሮው ፒኞን ጥርሱ ተበልቶ አልቋል። አዲስ ላስመጣ ቢል ዋጋውም ጊዜውም የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለው ቶርኖ ቤታችን አዲስ ቆረጠለት።

ሞጁሉ (የጥርሱ ትልቅነት መለኪያ) 4፣ ጥርሱ 20፣ የጥርሱ ስፋት 40 ሚሊሜትር ነው። በጥርሱ ቁጥር ላይ 2 ደምረን በ4 ስናባዛው የውጭ ዲያሜትሩ 88 ሚሊሜትር ይመጣል። ጥርሱን የሚቆርጠው ማሽን፣ የፍሬዛው፣ ዲቫይዲንግ ሄድ (ዕቃውን እኩል እያከፋፈለ የሚያዞረው) 40 ለ 1 ስለሆነ፣ ማለትም እጀታው 40 ሲዞር ዕቃው 1 ስለሚዞር፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እጀታውን ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ብቻ ነው። የቶርኖ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ 20 ጥርስ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል፤ 37 ጥርስ የሚያመጣ ሰው ግን ሻይ ሳይጋበዝ ነው የሚሸኘው።

ቅርጹ ደህና ወጣ። ላዩ ግን ሸካራ ነው። የፍሬዛው መቁረጫ በዞረ ቁጥር አንድ ቀጭን መስመር ትቶ ያልፋል። መስመሮቹ ከጥርሱ ሥር ወደ ጫፉ ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን ተደርድረው ስፋቱን በሙሉ ይሞሉታል። ጥፍሬን በስፋቱ ልክ ስጎትተው እያንዳንዱን እየነካ ያልፋል። ከሸካራነት ናሙናው ጋር ሳስተያየው 3.2 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ከሚለው ጋር ይመሳሰላል።

ይሄ ምን ያስጨንቃል? ሁለት ጥርሶች ሲነካኩ በመሃላቸው ያለው የዘይት ሽፋን በጣም ስስ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። የሸካራው ቁንጮ ከሽፋኑ በላይ ከወጣ ብረት ብረትን ይነካል። ያኔ ጊሩ የመጀመሪያዎቹን የሥራ ሰዓታት ራሱን በራሱ እየፋቀ ያሳልፋል። የተፋቀው ብረት ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታውን ይበላል።

ጊር የሚሞርድ ግራይንደር የለንም። በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አይሆንም፤ እጅ እኩል አይጫንም፣ የጥርሱም ኩርባ ይበላሻል። ሳንድብላስትም አንስተን ነበር። እሱ ግን ላዩን እየደበደበ ያጎደጉደዋል እንጂ አያለሰልሰውም። ጥቃቅን የብረት ኳሶች የሚረጩበት ሾት ፒኒንግ ጥርሱን ከድካም ስንጥቅ ይከላከላል፤ እሱም ቢሆን ማለስለሻ አይደለም።

የቀረን አንድ መንገድ ነው። ወፍራምና የሚለጠጥ ነገር ውስጥ የሚፍቅ ዱቄት ጨምሮ፣ በግፊት በጥርሶቹ መሃል ማሳለፍ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው፤ አብሬሲቭ ፍሎው ማሽኒንግ ይሉታል። ሁለት ሲሊንደሮች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ዕቃው መሃል ይታሰራል። ድብልቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ግፊቱ ከ7 ባር ይጀምርና ከ200 ባር በላይ ይደርሳል። የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎችና የናፍጣ ኖዝል ቀዳዳዎች በዚህ ይለሰልሳሉ። እኛ ያለን ባለ ክሪክ ፕሬስና ከአንድ ሎደር የተጣለ ሃይድሮሊክ ሲሊንደር ነው። ይበቃል።

ማክሰኞ፦ ሙጫውና ዱቄቱ

ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት ሲሊኮን ከቦሪክ አሲድ ጋር ተዋህዶ የሚወጣ ፖሊመር ነው። ቀስ ብሎ ሲገፋ ይፈሳል፣ በፍጥነት ሲገፋ ይጠነክራል። ሥራውን የሚሠራው ይሄ ጠባይ ነው። ድብልቁ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ይጠነክርና ቅንጣቶቹን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ከዚያ ግድግዳው ላይ እየጫነ ይጎትታቸዋል።

ያንን ፖሊመር እዚህ አካባቢ አላገኘሁም። ግን ለጠባዩ የሚቀርበው ነገር ከሁለት ርካሽ ዕቃ ይሠራል፦ ከቪናቪል (ነጩ የእንጨት ሙጫ) እና ከቦራክስ። ቪናቪል የቤት ዕቃ በሚሠራበት ሁሉ አለ። ቦራክስ ደግሞ ወርቅ ሠሪዎች ጋ አይጠፋም፤ ሲበይዱ መገጣጠሚያው ላይ ይነሰንሱታል። ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ገዛሁ። ለጊር ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝና፣ "የወርቅ ጊር ነው እንዴ?" አለኝ።

ቦራክሱን በሞቀ ውሃ አሟሟሁት። ቪናቪሉን በጥቂት ውሃ አቀጠንኩና ቦራክሱን ጠብ እያደረግኩ አማሰልኩ። መጀመሪያ ክር ክር ይሠራል። ቀጥሎ ክሮቹ ይሰበሰቡና ማማሰያው ላይ ይጠመጠማሉ። እዚህ ላይ ማቆም ነው። ቦራክስ ከበዛ ሙጫው ይሰባበራል፣ መፍሰሱንም ይተዋል። የደረሰው እንዲህ ይታወቃል፦ ኳስ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ስተወው ቀስ ብሎ ይተኛል። በዝግታ ስስበው ክንድ ሙሉ ይረዝማል። ድንገት ስነጥቀው ቁርጥ ይላል፣ የተቆረጠበትም ቦታ ጥርት ያለ ነው። ጓንት ያስፈልጋል፤ ቦራክስ ዓይን ከገባ ይቆጠቁጣል፣ ሕፃናት ካሉበትም መራቅ አለበት።

ለዱቄቱ የሞላ (የመሳያ ማሽን) ድንጋይ ተጠቀምን። ካርባይድ መቁረጫ የሚሳልበት አረንጓዴው ድንጋይ ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ተራው ግራጫ ድንጋይ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። እሱም ይፍቃል፣ ግን አረንጓዴው ይበልጥ ጠንካራና ስለታም ነው። ተሰብሮ ጥግ የተጣለ አረንጓዴ ድንጋይ ነበረን። አርጥበን፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን በመዶሻ ደቆስነው። በደረቁ መደቆስ የለበትም። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ማስክም ቢደረግ እርጥብ መሆን አለበት።

መጠኑን ለመለየት ወንፊት አልፈለግንም። ውሃ ይለያል። ትልቅ ቅንጣት ቶሎ ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ይዘገያል። ፍጥነቱ የሚሄደው በውፍረቱ ስኩዌር ነው፦ ውፍረቷ በግማሽ ያነሰ ቅንጣት የምትወርደው በአራት እጥፍ ዘግይታ ነው። በ20 ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥ 40 ማይክሮን የሆነች የሲሊኮን ካርባይድ ቅንጣት ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ታች ትደርሳለች። 17 ማይክሮኗ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ ባልዲውን አማስሎ 2 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ ድፍርሱን ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጦ 10 ደቂቃ መተው። የመጀመሪያው ባልዲ ሥር ሻካራው ቀረልን፣ የሁለተኛው ሥር ደቃቁ። 10 ደቂቃ ቆይቶም ያልወረደው ተደፋ።

ሙጫና ዱቄት እኩል በእኩል በሚዛን፣ 900 ግራም በ900 ግራም። ሲታሽ ክንድ ያደክማል። የረዳታችን ክንድ ጎበዝ ነው፣ "አብሽሩ፣ ለእኔ ተዉት" ብሎ ጨረሰው።

ረቡዕ፦ ማቀፊያው

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሙጫውን ማንም ያቦካዋል፣ ክሪኩንም ማንም ይረግጠዋል። ጊሩ የሚለሰልሰው ወይም የሚበላሸው ሙጫው በየት በየት እንደሚያልፍ ስንወስን ነው።

ጊሩን እንዲሁ ቱቦ ውስጥ ብንከተው ሙጫው በመሃሉ የሻፍት ቀዳዳ ሹልክ ይላል። ቀዳዳውን ብንደፍነው በጥርስና በጥርስ መሃል ባለው ቦይ ያልፋል። ያም ቢሆን ቦዩ ሰፊ ስለሆነ የጥርሱን ጎን በቅጡ ሳይጫን ነው። የሚፈለገው የጥርሱን ቅርጽ የተከተለ፣ ከሥር እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ጠባብ ክፍተት ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ "ጠባብ ቦታ የበለጠ ይፋቃል" ይላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። መስኖ ያጠጣ ሰው ሌላውን ግማሽ ያውቀዋል። አንድ ቦይ መንገዱ ላይ ከጠበበ ውሃው እዚያ ጋ ይፈጥናል፣ ዳሩንም ይቦረቡራል። ሁለት ቦዮች ጎን ለጎን ከተከፈቱ ግን ውሃውን የሚወስደው ሰፊው ነው፤ ጠባቡ ይደርቃል። የእኛም ሙጫ እንደዚያው ነው። በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ካሉ ቦታዎች ጠባቡ ይበልጥ ይፋቃል። ጎን ለጎን ካሉት ግን ሰፊው ሙጫውን ይሰርቃል፣ እሱም ይበልጥ ይፋቃል። ፒኞኑ ላይ 20 ቦዮች ጎን ለጎን አሉ። በእያንዳንዱም ቦይ ውስጥ የጥርሱ ሥርና የጥርሱ ጎን እንዲሁ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ቦታ በግማሽ ሚሊሜትር ቢሰፋ ሌላው ሥራ ፈቶ ይውላል።

20 ምላስ ያለው ቀለበት ያስፈልገናል፤ እያንዳንዱ ምላስ በየቦዩ ገብቶ በዙሪያው 1.5 ሚሊሜትር ያህል የሚተው። በማሽን መቁረጥ ይቻላል፣ ግን ከጊሩ በላይ አድካሚ ነው። በሻማ ሠራነው።

የሱቅ ሻማ በድስት አቀለጥን። ፒኞኑን ለብ አድርገን በሽቦ አንጠልጥለን ነከርነው፣ አወጣነው፣ ሲጠነክር ደግመን ነከርነው። ሰሙ በየንክሩ እየወፈረ ይሄዳል። ፒኞኑ በጣም ከሞቀ ያለፈው ሽፋን ይቀልጣል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሰሙ ሳይጣበቅ ይሰነጠቃል። እጅ ላይ ሲያዝ የማያቃጥል ሙቀት ልኩ ነው። ችግሩ የጥርሱ ሥር ነው። ሰሙ እዚያ ይጠራቀምና ክብ ይሠራል። እንዲሁ ቢተው ኖሮ ሥሩ ሰፊ ቦይ ይሆን ነበር። ረዳታችን ከቆርቆሮ በጥርሱ ቦይ ቅርጽ ትንሽ መፋቂያ ቆረጠ። 20ውንም ቦይ በእሱ እየፋቀ አስተካከለ። ጣቱ ሰም በሰም ሆነ፣ ጠረጴዛውም እንዲሁ።

ቀጥሎ ፒኞኑን ቶርኖ ላይ አስረን በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ያለውን ሰም ብቻ ላጥነው። ይሄ የጋሼ ሐሳብ ነው፣ የዋለልንም ውለታ ትልቅ ነው። ጫፉ ከሰም ነጻ ሲሆን ቀለበቱ እንዲሠራበት የሚፈሰው ኢፖክሲ (ፈስሶ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ጫፉን ይነካል። ስለዚህ ቀለበቱ ጊሩን በጫፎቹ ይዞ መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። ሙጫውም በጫፍ በኩል አያልፍም፤ የጥርሱ አናት ጠርዝ አይደነዝዝም።

ጫፎቹን በስሱ ግሪስ ቀባን፣ ኢፖክሲው እንዳይጣበቅ። ፒኞኑን ከሲሊንደሩ ቱቦ በተቆረጠ ቀለበት ውስጥ አቆምነው። ኢፖክሲ ከደቃቅ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ጋር ቀላቅለን በጥርሶቹ ዙሪያ አፈሰስነው። የአሉሚኒየሙ ጥቅም ሁለት ነው፦ ምላሶቹን ያጠነክራል፣ ኢፖክሲው ሲደርቅ የሚያመነጨውንም ሙቀት ያሰራጫል። ሙቀቱ ከበዛ ሰሙ ቀድሞ ይቀልጣልና ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት አይሆንም፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ነው የወሰድነው።

በማግሥቱ ሙሉውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተትነው። ሰሙ ቀልጦ ላይ ተንሳፈፈ። ፒኞኑ በእጅ ተገፍቶ ወጣ። ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። 20 ምላሶች፣ ወደ ጫፋቸው በጣም የሳሱ። አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ተሰብሯል፤ ቁጥሩን በማርከር ጻፍንበት።

ሐሙስ፦ ፕሬሱ

አጭር ነው። የሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር 100 ሚሊሜትር ስለሆነ የፒስተኑ ስፋት 78.5 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። የፕሬሱ ሰዓት 4 ቶን ሲያነብ ውስጡ 50 ባር ገደማ ነው። የቱቦው ግድግዳ 10 ሚሊሜትር ነው፤ ለዚህ ግፊት ከበቂ በላይ ነው። ከታችም ከላይም ፒስተን አለ። የታችኛው እንዲሁ እንዳይወርድ ጠንካራ ስፕሪንግ አደረግንለት፤ ከፊት ተቃውሞ ከሌለ ሙጫው ክፍተቱን ሳይሞላ ያልፋል። ላይኛው ሲያልቅ ሙሉውን መገልበጥ ነው። ለመገልበጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ከባድ ነው።

የሻፍቱን ቀዳዳ በሁለት ሾጣጣ ብረት ደፈንነውና በረጅም ቡሎን አሰርነው። ሾጣጣው ሙጫውን ወደ ጥርሶቹ ይመራዋል። ለፒስተኑ የጎማ ፓኪንግ ትተን ወፍራም ቆዳ ቆርጠን ገጠምን። የሚፍቅ ዱቄት ጎማን አይምርም። ቆዳ ሲበላ ሌላ ይቆረጣል።

መብራት ከሰዓት በኋላ ሄደ። ክሪክ መብራት አይፈልግም። በሩን ከፍተን ቀጠልን።

ዓርብ፦ መጀመሪያ በግሪስ

ጋሼ ሙጫውን አላመኑትም። "ልጄ፣ ግሪስ እያለ ምን በቪናቪል ያስቸግርሃል?" አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቫልቭ የሚሰመረውም ዱቄት ባለበት ቅባት ነው። ሻካራውን ዱቄት ከግሪስ ጋር ለውሰን አሳለፍነው። ያለ ምንም ልፋት አለፈ። ሰዓቱ ወደ 1 ቶን እንኳ አልተጠጋም። ፒኞኑ ታጥቦ ሲታይ የፍሬዛው መስመር እንዳለ ነው። ግሪስ ግድግዳው ጋ ስስ ሽፋን ሠርቶ በዚያ ላይ ይንሸራተታል፤ መሃሉ እንዳለ ተጠቅልሎ ያልፋል። ቅንጣቶቹንም ግድግዳው ላይ የሚጫናቸው የለም። ቫልቭ ላይ ግሪስ የሚሠራው ብረቱ ራሱ ቅንጣቷን ከሌላው ብረት ጋር ስለሚጫናት ነው። እዚህ ያ የሚጫን ብረት የለም። ጋሼ አይተው ዝም አሉ። ከዚያ፣ "በል አምጣው የአንተን" አሉ።

ቅዳሜ፦ ሙጫው ሲያልፍ

ሙጫው ያደረው ደሴ ቤቴ ነው። ጠዋት ሳነሳው ጠንክሮ በጣት አይበሳም ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስና ቀኑ ሲሞቅ እየላላ ሄደ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ለሰው ጃኬት ማውለቅ ነው፣ ለሙጫው ግን ሌላ ዕቃ መሆን ነው። ፋብሪካዎቹ ሙቀቱን የሚቆጣጠሩት ለዚህ ነው። ድብልቁ ሲፋተግ ራሱም ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ጉልበቱ ይቀንሳል። እኛ ሲሊንደሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልነው።

ክሪኩ ሲረገጥ ሰዓቱ 2 ቶን፣ 3 ቶን እያለ ወጣ። 4 ላይ ቆመ፣ ፒስተኑም መውረድ ጀመረ። ጆሮ ቱቦው ላይ ሲደረግ የሚሰማ ነገር አለ፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ሽርርር። ግሪሱ ሲያልፍ ይሄ ድምፅ አልነበረም። ከፒስተኑ ዳር ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ሙጫው በግፊት ውሃውን እየተፋ ነው። ስለዚህ በየጊዜው እየደረቀ ይሄዳል፤ ሲከፈት ጥቂት ውሃ ጨምሮ ማሸት ያስፈልጋል።

ከጥቂት ምልልስ በኋላ ከፍተን አየን። ነጭና አረንጓዴ የነበረው ሙጫ ጠቁሯል። የጠቆረው ከብረቱ ነው። አንድ ጥርስ በጨርቅ ጠርጌ በእጅ ባትሪ ብርሃን አየሁት። የፍሬዛው መስመሮች አሉ፣ ግን ቁንጮአቸው ጠፍጥፎ ያበራል። በመሃላቸው ያለው ሸለቆ ገና ደብዛዛ ነው። መስመሮቹ ከሥር ወደ ጫፍ ናቸው፣ ሙጫው ደግሞ በስፋቱ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቁንጮ እየተሻገረ ነው የሚቆርጠው። ሙጫው መስመሩን ተከትሎ ቢሄድ ኖሮ ሥራው ይዘገይ ነበር። በጥርሱ ሁለት ጫፍ ላይ ፍሬዛው የተወው ስለት ጠፍቷል። ያ ተጨማሪ ስጦታ ነው፤ ያለዚያ ጋሼ በሞረድ ሲለቅሙት ነበር የሚውሉት።

ግን ጥርሶቹ እኩል አላበሩም። በአንድ ወገን ያሉት ይበልጥ ያበራሉ። ምላሱ የተሰበረበት ቦይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ባለው ወገን ትንሽ ወፍሮ ነበር፤ ስለዚህ ክፍተቱም እዚያ ሰፋ። ጎን ለጎን ያለው ሰፊ ቦይ ሙጫውን ሰረቀ። እንደተባለው ነው የሆነው።

መፍትሔው ጊሩ ራሱ ላይ አለ። 20ውም ጥርሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ጊሩ ቀለበቱ ውስጥ በየትኛውም ጥርስ ይገባል። በ5 ጥርስ አዙረን መልሰን አስገባነው። ከተወሰነ ምልልስ በኋላ ደግሞ በ5። ሰፊው ወገን በየተራ የሁሉም ሆነ። በዚህ ዘዴ የቀለበቱ ጉድለት በጥርሶቹ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። እኔ ከዚህ ሥራ ለሌላ ሰው ልንገረው የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

መስመሮቹ ሊጠፉ ሲቃረቡ ሻካራውን አውጥተን በደቃቁ ቀየርን። ከመቀየር በፊት ሁሉንም በደንብ ማጠብ ግድ ነው። አንዲት ሻካራ ቅንጣት ከደቃቁ ጋር ከገባች ስትሄድ ትጭራለች።

ሰኞ፦ መቼ ይቆማል?

ይሄ ሥራ ራሱ አያቆምም። በተገፋ ቁጥር ብረት ይነሳል። መስመሩ ካለቀ በኋላ የሚነሳው ቅርጹ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ልክ ያስፈልጋል።

ሦስት ጥርስ በካሊፐር አቅፎ መለካት ነው። በሞጁል 4፣ በ20 ጥርስና በ20 ዲግሪ የግፊት ማዕዘን የመጽሐፉ ልክ 30.64 ሚሊሜትር ነው። ጋሼ ለዘይት መተላለፊያ ትንሽ አጥብበው ስለቆረጡት የእኛ 30.56 ነበር። አሁን 30.52 ያነባል። 0.04 ሄዷል፤ ያ በሁለት ጎን ሲካፈል በየጎኑ 0.02 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ካሊፐራችን ራሱ የሚያነበው በ0.02 ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ ማውራት አይቻልም። ዋናው ነገር በአራት ቦታ ለክተን ያው መሆኑ ነው። አንዱ ወገን ቢቀጥን ኖሮ ይታይ ነበር።

ጥፍር አሁን ምንም አይነካም። ናሙናው ላይ 0.8 ከሚለው ጋር ይሄዳል፣ አንዳንዱ ጥርስ ወደ 0.4 ይጠጋል። ረዳታችን መስታወት እስኪሆን እንቀጥል አለ። ጋሼ ከለከሉ፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። መስታወት የሚሆነው ጥርሱ ተበልቶ ነው።

አጠባው ረጅም ነው፣ መዝለልም አይቻልም። በሞቀ ውሃና በሳሙና በብሩሽ፣ ቀጥሎ በናፍጣ፣ ቀጥሎ እንደገና በሳሙና። ሙጫው ውሃ ስላለው ብረቱ በሰዓታት ውስጥ ዝገት ይጀምራል፤ ወዲያው ማድረቅና ዘይት መቀባት ነው። በኮምፕረሰር መንፋት አይገባም፤ የቀረ ዱቄት ዓይን ውስጥ ወይም ቶርኖው ሐዲድ ላይ ነው የሚያርፈው። በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ በየቦዩ ጎትተን አየን። ጨርቁ ግራጫ ካለ እንደገና ይታጠባል። ግራጫ አለ፣ እንደገና ታጠበ።

ሐሙስ፦ መጭመቂያው ላይ

ደሴ ወስደን ገጠምነው። ቀለም ቀብተን በእጅ ስናዞረው ትልቁ ጊር ላይ ያረፈው ምልክት የጥርሱን ስፋት አብዛኛውን ይይዛል። በከፍታው ግን ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ ወደ ጫፉ ይሳሳል። ይሄ ከማለስለሱ የመጣ አይደለም። ሞጁል መቁረጫ ስምንት ሆኖ ነው የሚሸጠው። ከ17 እስከ 20 ጥርስ የሚቆርጠው አንድ መቁረጫ ነው፤ ቅርጹ የተሠራው ደግሞ ለ17 ነው። ለ20 ጥርስ ስንጠቀምበት ኩርባው ትንሽ ይዛነፋል። ሙጫ ይህን አያስተካክልም። ያገኘውን ቅርጽ ተከትሎ ነው የሚፍቀው፤ ጠማማ ቢሰጡት ጠማማውን ያበራዋል።

ማሽኑ ሲነሳ ባለቤቱ ጆሮውን አቀና። አዲስ የተቆረጠ ጊር መጀመሪያ የሚያሰማው ሻካራ ጩኸት የለም። ዝቅ ያለው እምምታ ግን አለ፤ እሱ የቅርጽና የመሃል መዛነፍ ነው። "አይጮህም ብለኸኝ ነበር" አለኝ። ያልኩት ይቀንሳል ነው። ኑጉን ጨመረበት፣ ዘይቱ ወረደ፣ ክርክሩም እዚያው ቀረ።

ካምቢዮው ውስጥ ማግኔት በሽቦ አስረን ከተናል። ሰሞኑን ዘይቱ ሲቀየር ማግኔቱ ላይ የተሰበሰበውን አያለሁ። ደቃቅ ጥቁር ጭቃ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። የሚያብለጨልጭ ፍቅፋቂ ካለ ፒኞኑ ሳይሆን ትልቁ ጊር ነው የሚሆነው፤ እሱ እንደተቆረጠ ነው የገባው፣ የእኛ ሲሊንደርም አይበቃውም።

ቀለበቱን ለክተነዋል። ምላሶቹ ተበልተው ክፍተቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ሰፍቷል። ለአንድ ሌላ ጊር ያገለግል ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። የሚቀጥለውን ከአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ይልቅ ከራሱ ከአረንጓዴው ድንጋይ ሻካራ ዱቄት ጋር እናፈሰዋለን። ጋሼ ባለ 25 ጥርስ ሥራ ተቀብለዋል፤ ሻማ ይገዛ ብለዋል።